«ምን በላህ?» ስትለው «ሽሮ» ይላታል

ጤና ይስጥልኝ፤

የምጽፍልዎት ከደብረ ብርሃን ነው። ዕድሜዬ 36 ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አንድ ወንድም አለኝ። ዘጠኝ ዓመት እበልጠዋለሁ። አባታችን ደም ግፊት ነበረበት፣ በስትሮክ ሲሞት ወንድሜ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። ከዚያ በኋላ ከእማዬ ጋር ሆኜ ያሳደግኩት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። እስካሁን «እታለም» ነው የሚለኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ገባ። ኦሃዮ ነው ያለው። መጋዘን ውስጥ ሌሊት ሌሊት ይሠራል። ብቻውን አንድ ክፍል ተከራይቷል። በየወሩ ሳያዛንፍ ገንዘብ ይልካል። እማዬ ያለችው መንዝ፣ ሞላሌ አካባቢ ነው። ብቻዋን ከምትሆን እኔ አጠገብ ትሁን ብለን በሱ ገንዘብ እዚህ ደብረ ብርሃን ቤት እያሠራንላት ነው።

ባለፈው ከሥራ ሲገባ በቪዲዮ ደወለልኝ። እዚያ ጠዋት ነው፣ እኛ ጋ ከሰዓት። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ከፍሪዘር አንድ ካርቶን አወጣ። ከውስጡ ላስቲክ የለበሰ ጥቁር ሳህን ወጣ፤ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፣ ጠርዙ ላይ ውርጭ አለው። ላስቲኩን በሹካ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ማይክሮዌቭ ውስጥ ከተተው። የልጆቼን ነገር እየነገርኩት ማሽኑ ጮኸ። አወጣውና እዚያው ሳህኑ ላይ በላው። ትንሽ ሥጋ፣ ትንሽ የተፈጨ ድንች፣ ጥቂት በቆሎ። «ስንት ነው?» ስለው «ሁለት ከሃምሳ» አለኝ እየሳቀ። «ሁልጊዜ ይኼን ነው የምትበላው?» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ስልኩን ይዞ ሄዶ ፍሪዘሩን ከፍቶ አሳየኝ። እስከ አፉ ሞልቷል፣ ሁሉም ካርቶን ነው።

እማዬ እሑድ እሑድ ስትደውልለት «ምን በላህ?» ትለዋለች። «ሽሮ» ይላታል። «እሰይ» ብላ ወደ ሌላ ወሬ ታልፋለች። እኔ አጠገቧ ሆኜ ስሰማ ፊቴን የማዞርበት አጣለሁ።

ጎረቤቴ ማይክሮዌቭ ካንሰር ያመጣል አለችኝ። ባለቤቴ ደግሞ «አዋቂ ሰው ነው፣ ተይው» ይላል። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ብሎኬት በመጣ ቁጥር የሱን ሆድ የገነባን ይመስለኛል። እውነት ይኼ ነገር ምግብ ነው? እንዲተወው ልቆጣው? ለእማዬስ ልንገራት?

ታላቅ እህት፣ ከደብረ ብርሃን

ውድ ታላቅ እህት፤

ደብዳቤሽን ሳነብ የቆምኩት ወንድምሽ ፍሪዘሩን ከፍቶ ያሳየሽ ጋ ነው። ማንም አላስገደደውም። በልቶ ሊደውልልሽ ይችል ነበር። «ዛሬ ስለደከመኝ ነው» ብሎ ሊያልፈውም ይችል ነበር። እናቱን «ሽሮ» ብሎ የሚሸነግል ልጅ፣ አንቺ አንድ ጥያቄ ስትጠይቂው ተነስቶ ሄዶ ከፈተልሽ። ሰው ጓዳውን የሚያሳየው ለሚያምነው ነው። ስለዚህ ቁጣውን ለጊዜው አስቀምጪው። ከተቆጣሽው በሚቀጥለው ጊዜ በልቶ ነው የሚደውለው። ያኔ እናትሽም አንቺም እኩል ሽሮ ትሰማላችሁ።

አሁን ወደ ምግቡ ልምጣ። እንቅልፍ ከነሳሽ ነገር ግማሹ ካለማወቅ የመጣ ስለሆነ እሱን እናቅልለው።

ጎረቤትሽ የነገረችሽን ብዙ ሰው ያምናል። ማይክሮዌቭ ግን ራጅ አይደለም። የሚያወጣው ሞገድ ምግቡ ውስጥ ያለውን ውሃ እያንቀጠቀጠ ያሞቀዋል፣ በቃ። ማሽኑ ሲጠፋ ሞገዱም አብሮ ይጠፋል፤ ሳህኑ ላይ ተቀምጦ ወደ ሆድ የሚገባ ነገር የለም። ካርቶኑም ቢሆን ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። በ1954 እ.ኤ.አ. ስዋንሰን የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ተርኪ (ዶሮ መሰል ትልቅ ወፍ) ሥጋ፣ ስኳር ድንችና አተር በአሉሚኒየም ትሪ ከፋፍሎ፣ አቀዝቅዞ፣ በ98 ሳንቲም መሸጥ ጀመረ። ሰዉ ቴሌቪዥን እያየ ይበላዋል ተብሎ «ቲቪ ዲነር» አሉት። ያኔ ኦቨን ውስጥ 25 ደቂቃ ያህል ይፈጅ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ላይ ትሪው ማይክሮዌቭ በሚችል ፕላስቲክ ተተካ። እንግዲህ ወንድምሽ የሚበላው እዚያ አገር አያቶች ሳይቀሩ ሲበሉት የኖሩትን ነገር ነው።

የቆየ ነው ብለሽም አትስጊ። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ሳያቋርጥ የተቀመጠ ምግብ አይበላሽም። ጀርም እዚያ ቅዝቃዜ ላይ አይራባም። አይሞትም ግን፤ ይተኛል እንጂ። ስለዚህ ሲሞቅ በደንብ መሞቅ አለበት፣ እዚህ ላይ ወንድምሽ ትንሽ የሚሳሳት ይመስለኛል። በረዶ ሞገዱን በደንብ አይቀበልም፤ ቀድሞ የቀለጠው ጥግ ሲፈላ መሀሉ ገና በረዶ ሊሆን ይችላል። ካርቶኑ ላይ «አጋማሽ ላይ አማስለህ መልሰህ አስገባ፣ ከወጣ በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ አቆየው» ብሎ የሚጽፈው ለጌጥ አይደለም። ሙቀቱ መሀል ድረስ እንዲደርስ ነው። ሥጋ ያለበት ከሆነ መሀሉ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። ወንድምሽ እንዳወጣው ጎረሰው ብለሻል። ራበውና ነዋ! ግን ንገሪው።

እንግዲህ ጥራቱ። እውነቱን ልንገርሽ፣ መርዝ አይደለም፣ ጥሩ ራትም አይደለም። የርካሹ ካርቶን ክብደት ብዙ ጊዜ 250 ግራም አካባቢ ነው። ከዚያ ላይ ብዙውን ቦታ የሚይዘው ድንች፣ ፓስታ ወይም ሩዝ ነው፣ ሌላው መረቅ። ሥጋው አብዛኛውን ጊዜ ተፈጭቶና ከሌላ ነገር ጋር ተጋግሮ ስቴክ እንዲመስል የተደረገ ነው። 300 ካሎሪ አካባቢ ያለው ብዙ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዕቃ ሲያነሳ ያደረ የ27 ዓመት ጎረምሳ በዚህ አይጠግብም። ወይ ሁለተኛ ይደግማል፣ ወይ ከጎኑ ቺፕስና ለስላሳ ይጨምራል። ያኔ ሁለት ከሃምሳው አምስትና ስድስት ይሆናል። እሱ ግን በልቡ «ሁለት ከሃምሳ» ማለቱን አይተውም። ርካሽ ምግብ እንዲህ ነው የሚያታልለው።

እኔን ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን ጨው ነው። ስለ አባታችሁ የጻፍሽውን አንድ መስመር አንቺ እንደ ዋዛ አልፈሽዋል፣ እኔ ግን ተመልሼ አነበብኩት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። በካርቶኑ ጀርባ ላይ የሚጻፈው ግን ሶዲየም በሚል ስም ነው፤ 5 ግራም ጨው 2,000 ሚሊግራም ሶዲየም ማለት ነው። ከነዚህ ካርቶኖች አንዱ ብቻውን ከ600 እስከ 1,000 ሚሊግራም ሊይዝ ይችላል፤ ከዚያ የሚበልጥም አለ። ጨው የበዛበትን ሁለት ከበላ የቀኑን ጨርሷል ማለት ነው፣ ገና ሌላ ነገር ሳይቀምስ። አባቱ በደም ግፊት የሞተ ልጅ ይኼን ማወቅ አለበት። አሜሪካ ብዙ ፋርማሲ ውስጥ ግፊት የሚለካ ማሽን በነፃ ተቀምጧል። ክንዱን አስገብቶ ተለክቶ ቁጥሩን ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። ይኼን በትእዛዝ መልክ ብትነግሪው አይከፋኝም። ታላቅ እህት ለዚህ ካልሆነች ለምን ትሆናለች?

ጀርባውን ማንበብ ከጀመረ ሁለት ነገር ይበቃዋል። አንደኛው የሶዲየሙ መቶኛ ነው፤ ካርቶኑ ከቀኑ ልክ ስንት ከመቶውን እንደያዘ ይናገራል። 5 ከመቶና ከዚያ በታች ከሆነ ዝቅተኛ፣ 20 ከመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ይባላል። ከተደረደሩት ውስጥ ዝቅ ያለውን ያንሳ። ሁለተኛው ፕሮቲኑ ነው፤ 15 ግራምና ከዚያ በላይ ያለው ቢሆን ይሻላል። በአንድ ዶላር የሚበልጥ ካርቶን በሁለቱም በኩል የተሻለ ሆኖ ይገኛል፤ ሁልጊዜ ባይሆንም።

በነገራችን ላይ፣ አንቺ አልጠየቅሽም፣ እኔ ግን የናንተን ቤት ስለማውቀው ላንሳው። ሳልስበሪ ስቴክ የሚባለው ርካሽ ካርቶን ስሙ የበሬ ሥጋ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ዶሮ፣ አሳማና በሬ ተደባልቆ ነው የሚሠራው። ልጁ አሳማ የማይበላ ከሆነ ከምን እንደተሠራ የሚዘረዝረውን ትንሿን ጽሑፍ ያንብብ። በጾም ቀንም ሥጋ የሌለው ሁሉ የጾም አይደለም፤ አይብና ወተት መረቁ ውስጥ ይገባል። እዚያ «ቪጋን» የሚል ከተጻፈበት ለጾም ይሆናል። ይኼን ስትነግሪው እንደ ነፍስ አባት አትሁኚበት፤ «ታውቅ ነበር?» ብለሽ ብቻ እለፊ።

ዋጋውን በብር መንዝረሽ አትመልከቺው። በብር ካሰብሽው እዚህ ጥሩ የጾም በያይነቱ ይበላበታል፣ ያናድዳል። እሱ የሚከፈለው በሰዓት ነው። ለምሳሌ በሰዓት 18 ዶላር ቢያገኝ፣ ያ ካርቶን የስምንት ዘጠኝ ደቂቃ ሥራ ነው። በዚያ ገንዘብ ማንም ሰው ሠርቶለት፣ ሞቆ፣ ቁጭ ብሎ የሚበላው ነገር እዚያ አገር አያገኝም። ሬስቶራንት ቢገባ የአንድ ሰዓት ደመወዙ ይሄዳል። ስለዚህ ልጁ ሞኝ አይደለም። ደክሞት ይገባል፣ የሚቀበለው የለም፣ ድስት የሚያጥብለት የለም፣ ተኝቶ ማታ መነሳት አለበት። እንዲያ ላለ ሰው አምስት ደቂቃ ራሱ ዋጋ አለው። አንቺም ከመሥሪያ ቤት ገብተሽ ሁለት ልጅ ይዘሽ ሽንኩርት የምትከትፊበትን ምሽት አስቢው።

ታዲያ «ካርቶኑን ጣል» ብትይው በምን ይተካዋል? እዚህ ጋ አንድ ሐሳብ አለኝ። ፍሪዘሩም ማይክሮዌቭም ባሉበት ይቆዩ፤ ውስጡ ያለው ይቀየር።

የወጥ ሥራ ጊዜ የሚበላው ቁሌቱ መሆኑን አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ሽንኩርቱ እስኪደርስ፣ በርበሬው እስኪበስል ነው የሚያደክመው። ቁሌት ካለ ምስር ወጥ ሃያ ደቂቃ ነው። እንግዲህ በዕረፍት ቀኑ አንድ ትልቅ ድስት ይጣድና ቁሌት ብቻ ይሥራ። ሲበርድ በየትንንሽ ዕቃ ከፋፍሎ ፍሪዘር ይክተተው። የሚያስፈልገው ቀን አንዱን አውጥቶ ምስሩ ላይ ይገለብጠዋል። ያም ከበዛበት ወጡን ራሱን አብስሎ በአንድ ሰው ልክ ያስቀምጠው። ምስር፣ ክክ፣ ዶሮም ቢሆን ፍሪዘር ይወዳሉ። ድንች ያለበት ግን ሲቀልጥ ይንኮታኮታል፣ አያስቀምጥ። እንጀራም ይቀመጣል፤ እዚያ ያሉ ሐበሾች ገዝተው ጠቅልለው ፍሪዘር ይከታሉ፤ ሲያወጡት እርጥብ የወረቀት ፎጣ ሸፍነው ጥቂት ሰከንድ ማይክሮዌቭ ውስጥ ያሞቁታል። ከምድጃ እንደወጣ አይሆንም። ይበላል ግን።

ሁለት ጥንቃቄ። የፈላ ድስት እንዳለ ፍሪዘር ውስጥ አይገባም፤ ከሁለት ሰዓት በላይም ውጭ አይተውም። ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ ቶሎ አብርዶ ያስገባው። በሁለት በሦስት ወር ውስጥ ከበላው ጣዕሙን አያጣም። ያ ጥቁር ሳህን ደግሞ ለአንድ ጊዜ ተብሎ የተሠራ ነው፤ አጥቦ ወጥ እንዳያሞቅበት። የመስታወት ወይም የሸክላ ሳህን ይግዛ።

ሒሳቡን አይቶ ይፍረድ። እዚያ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ምስር ሁለት ዶላር አካባቢ ይገኛል። ያ ሦስት አራት ጊዜ ያበላዋል። ያውም ጨውን እሱ ራሱ መጥኖ።

ካርቶኑን ሙሉ በሙሉ እንዲተው ግን አትጠብቂ። የሚደክምበት ቀን ይኖራል፣ ይብላው። በዚያ ቀን እንኳን ከተራው የፍሪዘር አትክልት አንድ ጭብጥ ያክልበት፤ አተር፣ ጎመን፣ ብሮኮሊ የሚባለው፣ ያገኘውን። ተለቅሞ ወዲያው የቀዘቀዘ አትክልት ከትኩሱ ብዙም አያንስም፣ ርካሽም ነው። ያው ጨው ለብዙ ምግብ ይደርሳል፣ ሆዱም ይሞላል።

ምግቡ ላይ ይበቃኛል። ከዚህ የሚከብደውን ገና አላነሳሁትም።

«ብሎኬት በመጣ ቁጥር የሱን ሆድ የገነባን ይመስለኛል» ብለሻል። ደብዳቤውን ያስጻፈሽ ይኼ ይመስለኛል። እስቲ ልጠይቅሽ፦ ካርቶኑን የሚበላው ገንዘብ ለመላክ መሆኑን እሱ ነግሮሻል ወይስ አንቺ ነሽ የደመርሽው? እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ድካም ሊሆንም ይችላል። ወጥ መሥራት አለመቻል ሊሆን ይችላል፤ ለመሆኑ አንቺና እናትሽ እያላችሁ ማጀት ገብቶ ያውቃል? ብቸኝነትም ሊሆን ይችላል፤ ለአንድ ሰው ድስት መጣድ ያስጠላል። ወይም ደግሞ ይጣፍጠው ይሆናል! ይኼም አለ። እያንዳንዱ የየራሱ መፍትሔ አለውና ሳትጠይቂ በደለኛ ሆነሽ አትቀመጪ።

ስትጠይቂው «ለኛ ብለህ አትራብ» ብለሽ አትጀምሪ። ያንን ከሰማ ይከፋዋል፤ ኩራቱን የነካሽበት ይመስለዋል። የመንዝ ልጅ ተርቦም «ጠግቤያለሁ» ይላል። እንዲህ ብለሽ ሞክሪ፦ «ያን ቀን ፍሪዘሩን ስላሳየኸኝ ደስ ብሎኛል። ከሥራ ስትገባ ምንህ ነው የሚደክመው?» ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ቢረዝምም አትሙይው።

ገንዘቡ ከሆነ ምክንያቱ፣ ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ ሒሳብ ይዘሽ ሂጂ። ቤቱ የት ደረሰ? ግድግዳው አልቆ ጣሪያ ያልለበሰ ከሆነ ክረምት ሳይገባ መልበስ አለበት፣ እሺ። ኮርኒሱ፣ ሴራሚኩ፣ የግቢው በር ግን የሚሸሹበት የለም። ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ በሉና መቆየት የሚችለውን ለዩ። ከዚያ ለወንድምሽ «ጣሪያው እስኪያልቅ እንዳለው፤ ከዚያ በኋላ የምትልከውን በግማሽ እናድርገው፣ ቤቱ በዝግታ ያልቃል» በይው። ቁርጥ ያለ ነገር ስትነግሪው ይሰማል። «ራስህን ጠብቅ» ብቻ ካልሽው «እሺ» ብሎ እንደ ወትሮው ይልካል። ቃልሽን ከሰጠሽ ደግሞ ጠብቂ፤ የዓመት በዓል በግ፣ የዘመድ ሠርግ እያልሽ ቀስ በቀስ እንዳትመልሺው። (እናትሽን ከመንዝ ብርድ አውጥተሽ ወደ ደብረ ብርሃን ብርድ ማምጣትሽን ግን እሳቸው እንዴት እንዳዩት ባውቅ ደስ ይለኛል።)

ለእናትሽ ልንገር ወይ ላልሽው፣ አይ፣ አንቺ አትንገሪያቸው። ምስጢሩ የሱ ነው። አንቺ ብትነግሪያቸው ሁለት ነገር ይሆናል፤ እሳቸው ያለቅሳሉ፣ እሱ ደግሞ ፍሪዘሩን ዳግመኛ አያሳይሽም። ግን አንድ ነገር ልብ በይልኝ። እናትሽ «ሽሮ» ሲላቸው «እሰይ» ብለው ያልፋሉ ብለሻል። ማን ሠራልህ? በምን በላኸው? እንጀራውን ከየት አገኘህ? አይሉም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሽሮ ብቻ ሲሰሙ አንድም ቀን «ዛሬስ ሌላ የለም?» አላሉም። የመንዝ እናት ይኼን ሳትጠይቅ የምትቀረው ላለመጠየቅ ከወሰነች ነው። እሳቸው የልጃቸውን ውሸት አውቀው እየሸፈኑለት ቢሆንስ?

ስለዚህ ውሸቱን ከማፍረስ እውነት አድርጊለት። እናትሽ ምጥን ሽሮ ያዘጋጁለት። ምጥን ሽሮ እሱም ሊሠራው ይችላል፤ ዘይት፣ ውሃ፣ ካለው ጥቂት ሽንኩርት፣ አሥራ አምስት ደቂቃ። እሑድ ሲደውሉለት ስልኩ ምድጃው አጠገብ ይቁምና «ውሃውን ቀንስ፣ አሁን አማስል፣ እንዳያርርብህ» እያሉ ያሠሩት። ቁሌቱንም እንደዚያው። ያኔ «ምን በላህ?» ሲሉት ሽሮው ፊታቸው ይንተከተካል። ስለ ካርቶኑ መናገር ከፈለገ በዚያን ጊዜ ራሱ ይነግራቸዋል፤ ቢጮሁበትም እየሳቁ ነው የሚሆነው። ካልፈለገም ይቅር።

በሶም ይላክለት። የመንዝ ገብስ እያለ የሌሊት ሠራተኛ ቺፕስ ሲቆረጥም ማደር የለበትም። ለመንገደኛና ለዘማች የተፈጠረ ስንቅ ነው፤ እሳት አይፈልግ፣ ፍሪጅ አይፈልግ፤ በዕረፍት ሰዓቱ በኩባያ ውሃ ይበጠብጠዋል ወይም ጨብጦ ይበላዋል። ድርቆሽም ጨምሪ። አንድ ነገር ግን፦ ሽሮውና በርበሬው ሲዘጋጁ ጨው እንዲቀነስ ለእናትሽ ንገሪ። የኛም ምግብ ጨው አያንሰውም፤ ከካርቶን ጨው አውጥተሽ የቤት ጨው ውስጥ እንዳትከቺው። ምክንያቱን ከጠየቁሽ የአባታችሁን ግፊት አንሺ፣ ይገባቸዋል።

ሰው ሲሄድ የምትልኪ ከሆነ እያንዳንዱን ለየብቻ አሽገሽ በላዩ ላይ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ አስጽፊበት። ተሸካሚው እዚያ ሲደርስ ምግብ መያዙን ሳይደብቅ ማስታወቅ አለበት፤ ሳያስታውቅ ከተገኘበት ይቀጣል። ቋንጣ ግን አትጨምሪ። ሥጋ ከኛ አገር አያስገቡም፣ ኤርፖርት ላይ ወስደው ይጥሉታል። ቋንጣውን ለልጆችሽ ፍርፍር አድርጊው።